ጆይስቲኬ ወደ ግራ ይጎትታል

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ላይ የበረራ ሲሙሌተር እጫወታለሁ። ጆይስቲኩን ሳልነካው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። አዲስ ልግዛ? ጆይስቲክ ይሻላል ወይስ በሁለት እጅ የሚያዘው የአውሮፕላን መሪ (ዮክ)? ዮናስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ ዮናስ፣ የኔም እንዲሁ አድርጎኛል። ርካሾቹ ውስጥ እየተፋተገ የሚለካ ክፍል አለ፤ ሲያልቅ ይዘባርቃል። እስቲ መጀመሪያ ካሊብሬት አድርገው፤ ማለትም መሃሉ የት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ እንደገና አሳውቀው። እኔን ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያገዘኝ።

ከገዛህ በማግኔት የሚለካውን፣ ሆል ሴንሰር ያለውን ምረጥ። የትረስትማስተር ኤርባስ ጆይስቲክ እንደዚያ ነው። እጀታው ሲጠመዘዝ እንደ ረደር (የአውሮፕላኑን አፍንጫ ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጭራ ክፍል) መቆጣጠሪያ ስለሚሆን ለእግር ፔዳል አትቸኩል።

መሪ የሚያስፈልግህ በመሪ የሚበሩትን ቦይንግ ወይም ትንሿን ሴስና ከወደድክ ነው። የሃኒኮምብ አልፋ በየጎኑ 90 ዲግሪ ይዞራል፤ ደስ ይላል። ግን ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፣ ቦታም ይበላል። የኔ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። እራት ሲደርስ ባለቤቴ «በል አሳርፈው» ትለኛለች።