በሦስተኛው ቀን የሚሞተው ውርንጭላ

ጥያቄ፦ ፈረስ አረባለሁ። ባለፈው የመውለጃ ወቅት ሁለት ውርንጭላዎች ሞቱብኝ። ሁለቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ፤ ቆመዋል፣ ጠብተዋል። በሦስተኛው ቀን ግን መተኛት አበዙ። አንደኛው የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ አብጦ ያነክስ ስለነበር እናቱ የረገጠችው መስሎኝ አሽቼ ተውኩት። የዚህኛው እናት ከመውለዷ አንድ ሳምንት ያህል አስቀድሞ ወተት ያንጠባጥባት ነበር። አሁን ሌሎች ባዝራዎች መውለጃቸው ደርሷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በደረሰብዎ ጉዳት ከልብ አዝናለሁ። አሥራ አንድ ወር የተጠበቀን ውርንጭላ በሦስት ቀን ማጣት ያማል። ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ መጨረሻ ላይ የጠቀሱት የሚንጠባጠበው ወተት ነው። ይፈስ የነበረው እንገሩ፣ ማለትም እናት ስትወልድ መጀመሪያ የምትሰጠው ወፍራም ወተት፣ ነው።

የሰው ልጅ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም ያገኛል። የባዝራ የእንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም፤ ውርንጭላ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። መከላከያው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱም ቢሆን ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያስገባው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በደንብ ያስገባል፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ይዳከማል፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ይዘጋል። ባዝራዋ ደግሞ እንገሯን አንዴ ካፈሰሰች ሌላ አታዘጋጅም። ስለዚህ ውርንጭላዎ ጠብቷል፣ የጠባው ግን ተራ ወተት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሆዱ ሲሞላ ደሙ ያለ መከላከያ ቀረ። በእትብቱ፣ በአፉ ወይም በሳንባው የገባ ባክቴሪያ የሚያግደው አላገኘም፤ በደሙ ተሰራጭቶ መገጣጠሚያው ላይ ሰፈረ። የሁለተኛውን ምክንያት በዚህ ርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ አሟሟቱ ተመሳሳይ ነው።

«እናቱ ረግጣው ነው» የሚለውን ከብዙ አርቢዎች እሰማለሁ፤ ብዙ ውርንጭላም ያስከፈለ ግምት ነው። አንድ ወር ያልሞላው ውርንጭላ ሲያነክስ፣ ሐኪም አይቶ ሌላ ነው እስኪል ድረስ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳለ አድርገው ይያዙት። ማሸትም ሆነ ነገን መጠበቅ አይበጅም። በዚያው ቀን መገጣጠሚያው ታጥቦ መድኃኒት ከተጀመረ ሊድን ይችላል፤ ከዘገየ ግን ለስላሳው የአጥንት ጫፍ ይበላና ቢተርፍም አንካሳ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ቀሩት ባዝራዎች። የመውለጃ ጊዜያቸው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀረው ወደሚወልዱበት ጋጣ ያስገቧቸው፤ ሐኪሙ የሚያዝዘው ክትባትም በዚሁ ጊዜ ይሰጥ። ምክንያቱም ባዝራ እንገሯ ውስጥ የምታስቀምጠው በምትኖርበት ቦታ ላሉት ተህዋስያን የሚሆን መከላከያ ነው። ከሌላ ቦታ በዋዜማው የመጣች ባዝራ ለእርስዎ ጋጣ የሚሆን እንገር የላትም።

ማታ ማታ ግታቸውን ይመልከቱ። መውለጃዋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ቢደርቅ ጤናማ ነው። ወተቱ በእግሯ ላይ እየወረደ ሲደርቅ ካዩ ግን ሐኪም ይጥሩ፤ በተለይ መውለጃዋ ሳምንታት ሲቀሩት ከሆነ የእንግዴ ልጁ ታሞ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቷ ባዝራ ውርንጭላ ከሌላ ባዝራ እንገር ማዘጋጀት ግድ ነው። ጥሩ እንገር ያላት ባዝራ የራሷ ልጅ በደንብ ከጠባ በኋላ ሩብ ሊትር ያህል ቢታለብላት አይጎዳትም። በንጹሕ ዕቃ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ቢቀመጥ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ሲያቀልጡት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ እሳት ላይ መጣድ መከላከያውን ያበላሸዋል። ጥሩ እንገር ወፈር ያለ፣ የሚያጣብቅና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ዓይን ግን ይሳሳታልና የእንገርን ውፍረት ብሪክስ በሚባል መለኪያ የሚያሳይ ሪፍራክቶሜትር የተባለ ትንሽ መሣሪያ ቢኖርዎ መልካም ነው፤ ብሪክሱ 23 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አስተማማኝ ነው።

ውርንጭላው ሲወለድ እትብቱን አይቁረጡ፤ እናቲቱ ስትነሳ ራሱ ይበጠሳል። ከዚያ 0.5 ከመቶ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ተህዋስያን የሚገድል ፈሳሽ ውስጥ ይንከሩት፣ በመጀመሪያው ቀን ደጋግመው። ብርቱው 7 ከመቶ አዮዲን ቆዳውን ያቃጥላል፤ ቁስሉም በተራው ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ደህና ውርንጭላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ የእንግዴ ልጁም በሦስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። 50 ኪሎ የሚመዝን ውርንጭላ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ቢያንስ አንድ ሊትር ጥሩ እንገር ያስፈልገዋል። መጥባት ካቃተው ሐኪም በአፍንጫው በቱቦ ይስጠው። ለተኛ ውርንጭላ አፉን ከፍቶ በጠርሙስ ማንቆርቆር ወተቱን ሳንባው ውስጥ ይከተዋል።

አንድ ወጪ ብቻ ይምረጡ ቢሉኝ ከተወለደ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚደረገውን የደም ምርመራ እመርጣለሁ። በደሙ ውስጥ ያለው መከላከያ፣ አይጂጂ የሚባለው፣ በሊትር ከ8 ግራም በላይ ከሆነ በቂ ነው። ከ4 በታች ከሆነ እንገሩ አልደረሰውም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በደም ሥሩ ፕላዝማ፣ ማለትም መከላከያውን የያዘውን የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ይሰጠዋል። ሁለቱም ውርንጭላዎችዎ ደህና መስለው በታዩበት በመጀመሪያው ቀን ይህ ቢደረግ ጉድለት ካለ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጠቋሚ የእናቲቱ ግት ነው። ጤነኛ ውርንጭላ በሰዓት ብዙ ጊዜ ስለሚጠባ ግቷ ሲወጠር አይታይም። ተወጥሮ ወተት ካንጠባጠበ ልጁ መጥባት አቁሟል። የውርንጭላው ግንባር ላይ የደረቀ ወተት ካዩም ከግቷ ሥር ይቆማል እንጂ አይጠባም፤ ወተቱ ራሱ ላይ እየፈሰሰ ነው። ይህ ምልክት ከትኩሳት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ጤናማ ሙቀቱ ከ37.2 እስከ 38.9 ዲግሪ ነው፤ ነገር ግን ደሙ የተመረዘ ውርንጭላ ሙቀቱ ልክ ሆኖ ወይም ወርዶ ሊገኝ ስለሚችል ቴርሞሜትሩን ብቻ አይመኑ። ተኝቶ ከዋለ ሐኪም ይጥሩ።

እንገር በደንብ ቢጠባም የሚመጡ ሌሎች ችግሮች አሉ። ጥቁሩ የመጀመሪያ ፋንድያ በአንድ ቀን ውስጥ ካልወጣና ጭራውን እያወዛወዘ ካማጠ ደርቆበታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሆዱ ከተነፋና ለመሽናት ከታገለ ፊኛው ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፤ በወንዶቹ ላይ ይበዛል። ዓይኑና ድዱ ቢጫ ከሆነ የእናቱን እንገር ያቁሙና ሐኪም ይጥሩ፤ እንገሩ ራሱ የልጁን ደም እየገደለ ሊሆን ይችላል። በቅሎ የምታስወልዱ ይህኛውን በተለይ ልብ በሉ። ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣ ቀላል ተቅማጥ ግን፣ ውርንጭላው እየጠባና እየዘለለ ከሆነ፣ አያስደንግጥዎ።

ይህን ሁሉ አድርገው ሌላ ቢሞትብዎ ወዲያው አይቅበሩት። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው በዚያው ቀን ሐኪም ከፍቶ እንዲያየውና ናሙና እንዲወስድ ያድርጉ። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ከታወቀ፣ ቀጥሎ ለሚወለደው ሕክምናው ያለ ግምት ይጀመራል።