«ትዋይላይት» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቃሉ ከምን ተገኘ?

መልስ፦ «ትዋይላይት» ፀሐይ ከመውጣቷ በፊትና ከጠለቀች በኋላ የሚታየው ደብዛዛ ብርሃን ሲሆን፣ ቃሉ ከሁለት ክፍሎች የተጣመረ ነው። «ላይት» ብርሃን መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ «ትዋይ» የሚለው ግን ሁለት ቁጥርን ከሚያመለክተው ጥንታዊ ሥር የወጣ ሲሆን፣ «ትዋይስ» ማለትም ሁለት ጊዜ፣ «ትዊን» ማለትም መንታ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ሥር ይመዘዛሉ። ጀርመንኛም በተመሳሳይ አሠራር «ትስቪሊኽት» ይላል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ስለሚታይ ነው ይህን ስም ያገኘው?

መልስ፦ ብዙዎች እንዲህ ያስባሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ቃሉ ቀድሞ ያገለግል የነበረው በተለይ ለምሽቱ ሲሆን፣ ለንጋቱም መዋል የጀመረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ «ትዋይ» እዚህ ላይ ቀንም ሌሊትም ያልሆነውን፣ ለሁለት የተከፈለውን ግማሽ ብርሃን ያመለክታል ማለቱ ይበልጥ ያሳምነኛል።

ጥያቄ፦ በሥነ ፈለክስ ትርጉሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፀሐይ ከአድማስ በታች ሳለች የላይኛው አየር ብርሃኗን በትኖ ወደ ምድር የሚልክበት ጊዜ ነው። ጥልቀቷ እስከ 6 ዲግሪ ሲሆን ሲቪል፣ እስከ 12 የባሕረኞች፣ እስከ 18 ደግሞ የሥነ ፈለክ ትዋይላይት ይባላል። በአዲስ አበባ ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ሲቪሉ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ በለንደን ግን በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ 18 ዲግሪ ስለማትደርስ ሌሊቱ ፈጽሞ ሳይጨልም ይነጋል።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ ስንተረጉም «ድንግዝግዝ» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይበቃም። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የጠቀለለውን አማርኛ ለይቶ ያየዋል፤ ለንጋቱ «ጎህ ሲቀድ» ወይም «ወገግ ሲል»፣ ለምሽቱ ደግሞ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» እንላለን። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ብርሃኑን የሚለካው በተመልካቹ ዓይን በመሆኑ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የተዋጣ ሆኖ ይታየኛል። ተርጓሚው አስቀድሞ ሰዓቱን ከዓረፍተ ነገሩ ማረጋገጥ አለበት፤ «ድንግዝግዝ» የሚስማማው ሰዓቱ ሳይሆን የብርሃኑ ማነስ ሲፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ሰው ዕድሜ ሲነገርስ?

መልስ፦ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ማለት ነው፤ «ጀምበሩ ሲያዘቀዝቅ» ቢባል ሐሳቡን ሳይለቅ ያደርሰዋል።