ስለ ዓይን ሌዘር ጠይቁኝ፦ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እሁድ ዕድር ላይ ሦስት ሰው ለየብቻ ጠርቶ «መነጽር ሰልችቶኛል፣ በሌዘር ልሠራ ነው፣ ምን ትያለሽ?» ብሎኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው እዚሁ ግሩፓችን ላይ ጠይቁኝ፤ እስከ ማታ አለሁ። ሙያዬ ኦፕቶሜትሪ ነው። ዓይን እለካለሁ፣ መነጽር አዛለሁ፣ ለሌዘር የሚሄዱትንም አስቀድሜ እመረምራለሁ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው የዓይን ሐኪም ነው፤ ስለዚህ ዶክተር አትበሉኝ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። ቶፖግራፊ የሚባለው የኮርኒያ (የዓይን ፊት ሽፋን) ካርታ ሳይነሳላችሁ የቀዶ ቀጠሮ አትያዙ። ዓይን ማሸትም አቁሙ።

ከብሎክ 31፦ ዶክተር፣ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ይለዋወጣል። ስትደውሉ ግን ቅድመ ምርመራው፣ ጠብታው፣ የክትትል ቀጠሮውና ቁጥሩ ቢመለስ ድጋሚ ማስተካከያው አብሮ መካተቱን ጠይቁ።

ከብሎክ 12፦ ዓይኔ ደካማ ነው። ሌዘር ይሆነኛል?

መልስ፦ ደካማ ሲሉ ለሩቅ ነው ለቅርብ? ዕድሜዎ ስንት ነው? የመነጽርዎ ቁጥርስ? የዓይን ሞራም፣ ግላኮማም (የዓይን ነርቭ የሚጎዳው በሽታ)፣ የትራኮማ ጠባሳም «ዓይኔ ደከመ» ያሰኛል። አንዳቸውንም ላሲክ የሚባለው የሌዘር ቀዶ አያድንም።

ተማሪው፣ ከብሎክ 7፦ 23 ዓመቴ ነው። ሩቁ አይጠራልኝም፤ የሁለቱም ዓይኔ ቁጥር ማይነስ 8 ነው፣ ሁለት ዓመት አልተለወጠም። ተለክቼ የኮርኒያህ ውፍረት 490 ነው፣ ላሲክ ይሠራል አሉኝ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፤ ዕድሜ አለው፣ ቁጥር አለው። እንግዲህ አብረን እናስላው።

ኮርኒያ ከዓይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። የብዙ ሰው ኮርኒያ መሃሉ ላይ 540 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፤ ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። በላሲክ መጀመሪያ ከ100 እስከ 120 ማይክሮን የሚሆን ስስ ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል። ከሥሩ ኤክሳይመር የሚባለው ሌዘር እየላጠ ቅርጹን ያስተካክላል፤ ከዚያ ክዳኑ ይመለሳል። ለአንድ ዲዮፕተር (ለአንድ የመነጽር ቁጥር)፣ እንደሚላጠው ስፋት፣ ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ይነሳል።

ያንተ 490 ነው። ለክዳኑ 110 ቀንስ። ለማይነስ 8 ደግሞ 120 ቀንስ። 260 ይቀርሃል። ለዓመታት ዝቅተኛው ወሰን ሲባል የኖረው 250 ነው፤ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች 300 እንዲተርፍ ይፈልጋሉ። ክዳኑ ቢመለስም እንደ ቀድሞው ዓይንን ደግፎ አይይዝም፤ ለዚህ ነው ከቀሪው ጋር የማይቆጠረው። ቀሪው ከሳሳ የዓይን የውስጥ ግፊት ኮርኒያውን ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ ኤክቴዢያ ይባላል፤ ከላሲክ በኋላ እንደሚመጣ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ያኔ መነጽርም አያጠራልህም።

ውፍረት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። 550 ማይክሮን ሆኖ ቅርጹ የተጣመመ ኮርኒያ አለ፤ ይህን የሚያሳየው ካርታው ነው፣ በተለይ የፊቱንም የጀርባውንም ገጽ የሚያነሳው። አንተ ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሂድ። ኮርኒያ ሳይላጥ ዓይን ውስጥ ስለሚቀመጥ ሌንስም ጠይቅ፤ ለከፍተኛ ማይነስ እሱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከብሎክ 12፦ ዕድሜዬ 44 ነው። ለሩቅ ደህና ነኝ፣ ዳዊት መድገም ነው የከበደኝ።

መልስ፦ ይህ ከ40 በኋላ የሁሉም ዕጣ ነው፤ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ሲመጣ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል። የንባብ መነጽር ይለኩ።

ከብሎክ 3፦ ሌዘሩ እየሠራ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ሌዘሩ ለአንድ ዓይን የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። መጠባበቂያ ባትሪ እንዳለው ጠይቁ። ቢቋረጥም የት እንደደረሰ መዝግቦ ከዚያው ይቀጥላል። ዓይናችሁ ከቦታው ቢሸሽም የሚከታተለው ካሜራ ያቆመዋል። ይልቅ በዕለቱ ሽቶ አትቀቡ፤ ትነቱ ሌዘሩን ይረብሻል።

ባጃጅ ነጂው፦ እህቴ፣ ከአደባባዩ እስከ ውስጥ ብሎኮች ቀኑን ሙሉ እመላለሳለሁ። አቧራው መነጽሬን ያለብሰዋል፣ ስጠርገው ይጫጫራል። ማይነስ 3 ነኝ። ብሠራ እገላገላለሁ?

መልስ፦ ከመነጽሩ ትገላገል ይሆናል፣ ከአቧራው ግን አትገላገልም። እስከ ዛሬ መነጽሩ ጋሻ ሆኖልሃል። ላሲክ የኮርኒያን ጥቃቅን ነርቮች ስለሚቆርጥ ዓይን ይደርቃል፤ አብዛኛው ሰው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። በደረቀ ዓይን ላይ የበጋ አቧራ ሲገባ ይቆጠቁጣል፣ ሲቆጠቁጥ እጅህ ሳታስበው ይሄዳል፣ ታሸዋለህ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሆነ ክዳኑ ይንሸራተታል። ከባድ ምት ካገኘው ከዓመታት በኋላም ሊነሳ ይችላል።

ፒ.አር.ኬ ስለሚባለው ሌላ የሌዘር ቀዶ ጠይቅ። እሱ ክዳን የለውም፤ የላዩ ስስ ሽፋን ተነስቶ ነው የሚላጠው። ነገር ግን 3 ወይም 4 ቀን ያማል፣ ዕይታው ለመጥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሥራ መፍታትህን አስበህ ግባ። ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐያችን ብርቱ ነው፤ ጨረሩ ኮርኒያው ላይ ጭጋግ ሊያመጣ ስለሚችል ለወራት የፀሐይ መነጽር ታደርጋለህ።

ከብሎክ 22፦ አቧራው መች ያልቃል! የኮብልስቶን መዋጮ የከፈልነው እኛ ብቻ ነን።

ከብሎክ 40፦ እኛም ከፍለናል፣ ደረሰኝ አለን። ስም አታጥፉ።

ከብሎክ 22፦ ደረሰኙን ለጥፉትና እንየው።

ባጃጅ ነጂው፦ እኛም ለገረጋንቲ ሁለት ጊዜ አዋጥተናል፣ ክረምቱ ጠርጎ ወሰደው።

መልስ፦ እባካችሁ የመንገዱን ለኮሚቴው አቅርቡ።

ከብሎክ 20፦ የኔም ዓይን ደካማ ነው። ልሠራ?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ። ዕድሜና ቁጥር ሳትጽፊ አልመልስም።

ከብሎክ 9፦ እያጠባሁ ነው፣ ልጄ 5 ወሩ ነው።

መልስ፦ ጠብቂ። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ቁጥርም የዓይን እርጥበትም ይለዋወጣል። ጡት ካስጣልሽ በኋላ ጥቂት ወር ቆይተሽ ተለኪ።

ከብሎክ 26፦ ኮንታክት ሌንስ አድራጊ ነኝ። ለልኬቱ መቼ ላውልቅ?

መልስ፦ ለስላሳው ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ጠጣሩ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቀድሞ ይወልቃል። ሌንስ ኮርኒያን ስለሚጫን ካርታውን ያዛባል።

እማማ፣ ከብሎክ 15፦ ልጄ፣ ከተሠሩ በኋላ ጠበል መጠመቅ ይቻላል?

መልስ፦ እማማ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ቁስሉ እስኪድን ግን ዓይን ውስጥ ምንም ውሃ አይግባ፤ የቧንቧም ቢሆን። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ከአንገት በታች ይሁን፣ ቢያንስ 2 ሳምንት።

ከብሎክ 33፦ እምነት ካለ ጠበል አይጎዳም።

እማማ፣ ከብሎክ 15፦ ተዋት ልጄ፣ ያለችው ገብቶኛል። የንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው የሚሉኝ።

ከብሎክ 18፦ ይቅርታ፣ ሰው እያስፈራሽ ነው። እኔ ላሲክ ከተሠራሁ 2 ዓመቴ ነው፤ በማግስቱ ያለ መነጽር ታፔላ አነበብኩ። ማታ የመኪና መብራት ትንሽ ይበተንብኛል እንጂ ምንም አልሆንኩም።

መልስ፦ እሰየው ወንድሜ፤ በደንብ ተመርምሮ የተመረጠ ሰው አብዛኛው እንዳንተ ነው የሚደሰተው። የቅድመ ቀዶ ልኬትህን ወረቀት ግን እንዳትጥል። ስታረጅ ለሞራ ቀዶ የሚገባልህን ሌንስ ለማስላት ይፈለጋል። የዓይን ግፊት ስትለካም ላሲክ መሠራትህን ተናገር፤ ኮርኒያህ ስለሳሳ ግፊቱ ካለው በታች ይነበባል፣ ግላኮማ ሊያመልጥ ይችላል።

የምደጋግምበትን ምክንያት ልንገርህ። ታናሽ ወንድሜ ከልጅነቱ ዓይኑን ያሽ ነበር። ሲሊንደሩ (የኮርኒያን መጣመም የሚያርመው የመነጽር ቁጥር) በየዓመቱ ሲጨምር በየዓመቱ መነጽር ቀየሩለት፤ ካርታ ያነሳለት ሰው አልነበረም። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። በ24 ዓመቱ ሌዘር ሊሠራ ቀጠሮ ያዘ፤ ካርታው ሲነሳ ኬራቶኮነስ ሆኖ ተገኘ። ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወጥቷል። ሌዘር ቢነካው ይብስበት ነበር። እንዳይቀጥል በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን የሚያጠነክረው ክሮስሊንኪንግ ተደረገለት። የጠፋው ዕይታ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬ በጠጣር ሌንስ ነው የሚያየው። ስለዚህ ካርታ እላለሁ።

ከብሎክ 18፦ አላወቅኩም፣ እግዜር ይማረው። ወረቀቴን እፈልጋለሁ።

እናት፣ ከብሎክ 36፦ ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ በጋ ሲሆን ዓይኑን አሽቶ አይጠግብም፣ ነጩ ቡኒ ሆኗል። ፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ሰጥተውኝ ዓመት ሙሉ እየጨመርኩለት ነው፣ ያሽለዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም፤ ዋናው ነገር ይሄው ነው። የምትነግሪኝ ብዙ ጊዜ ወንዶች ልጆችን የሚይዘውን የዓይን አለርጂ ይመስላል። ከጉርምስና በኋላ ብዙ ጊዜ ይተዋቸዋል፤ በዚያ መሃል ግን ማሸቱ ኮርኒያውን ያበላሻል። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ ማሳከኩን ፈጥኖ ስለሚያስታግስ ሰው ይወደዋል። ያለ ክትትል ለወራት ሲጨመር ግን የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ፣ ከዚያም ሞራ ያመጣል፣ በልጅም ቢሆን። ግፊቱ ሲጨምር አያመውም፣ አይነግርሽም። የዓይን ሐኪም ሳያየው ጠብታውን አትቀጥዪ፤ በዚህ ሳምንት ግፊቱ ይለካ። ሲያሳክከው ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ በተከደነ ዓይኑ ላይ አድርጊለት። ለረጅም ጊዜ የሚሆን የአለርጂ ጠብታ ሐኪሙ ያዝለታል።

እናት፣ ከብሎክ 36፦ ወይኔ። የነገሩኝ ሰው አልነበረም።

መልስ፦ አይዞሽ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፣ ይዘሽው ነይ። ሬቲኖስኮፕ (ዓይን ውስጥ ብርሃን አብርቶ የሚመረምር መሣሪያ) አለኝ፤ ኮርኒያው መጣመም ከጀመረ ዓይኑ ውስጥ የሚመለሰው ብርሃን እንደ መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል። ጠብታውንም ከነካርቶኑ አምጪው፤ የሪፈር ወረቀት እጽፍልሽና ሰኞ ትወስጂዋለሽ።