ኮን የሚባሉ ሦስት ነገሮች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ሳይመካከሩ አንድ ቃል ላይ ተገናኙ፤ ኮን። የሒሳቡም፣ የዓይኑም፣ የእሳተ ገሞራውም ስም አንድ የሆነው በቅርጹ ነው፤ ታቹ ሰፊ፣ ጫፉ ሹል። በአማርኛ ሾጣጣ እንለዋለን፤ እኔም ቃሉን እወደዋለሁ።

«ልጄ የሾጣጣ ይዘት ሲሰላ ለምን በ3 ይካፈላል አለችኝ፤ መልስ አጣሁ።»

ቀመሩን ከማስሸምደድዎ በፊት በእጇ ትሞክረው። ከወፍራም ወረቀት ሾጣጣ ይጠቅልሉላት፤ በአፉ ስፋትና በቁመቱ ልክ ደግሞ ሲሊንደር ይሥሩ። ሾጣጣውን ደረቅ አሸዋ ትሙላው፣ ላዩን በማስመሪያ ጠረግ ታድርገው፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ውስጥ ትገልብጠው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ሲሊንደሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ጢም ይላል። ይህን ያየ ልጅ 3ቱን አይረሳም። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ እንደጻፈው ነገሩን ቀድሞ የተናገረው ዲሞክሪተስ ነው፤ በማስረጃ ያረጋገጠው ግን ዩዶክሰስ፤ ሁለቱም ከእሱ የቀደሙ የግሪክ ሊቃውንት ናቸው።

«እሳተ ገሞራ ሁሉ ሾጣጣ ነው?»

አይደለም፤ የሚወጣው ነገር ይወስነዋል። ላቫው ቀጭን ከሆነ ርቆ ይፈስና ተራራው መሬት ላይ እንደተኛ ጋሻ ዝርግ ይላል፤ የሃዋዩ ማውና ሎዋ እንዲህ ነው። ስብርባሪ ድንጋይና አመድ እየተተፋ ሲከመር ግን ልክ ከላይ እንደሚንቆረቆር አሸዋ ይሾጥጣል፤ ዳገቱ ሲበዛበት እየተንሸራተተ ጎኑን ያሰፋል። እንዲህ የሾጠጠው የሜክሲኮው ፓሪኩቲን እ.ኤ.አ. በ1943 በበቆሎ ማሳ መሃል መሬት ተሰንጥቆ የተወለደ ነው። በ1952 ዝም ሲል 424 ሜትር ደርሶ ነበር።

«ዓይናችን ውስጥ ኮን አለ ሲባል የእውነት ሾጣጣ ነገር አለ?»

አለ፣ ግን በማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው። በሬቲና፣ ማለትም በዓይን የውስጠኛው ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ህዋሳት ናቸው፤ በአንድ ዓይን 6 ሚሊዮን ገደማ። ሦስት ዓይነት ሲሆኑ እያንዳንዱ ለተለያየ የብርሃን ሞገድ ይነቃል፤ ቀለም የምንለው አንጎላችን የሦስቱን መልእክት አወዳድሮ የሚያወጣው ነው። የሚገርመኝ፣ በብዛት ታጭቀው በሚገኙበት በሬቲና መሃል ባለችው ጎድጓዳ ስፍራ ቀጫጭንና ረጃጅም ስለሆኑ ሾጣጣ አይመስሉም።

ኮኖች ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ሲጨልም ሥራውን የሚረከቡት 120 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ዘንግ መሰል ህዋሳት ናቸው፤ እነሱ ቀለም አይለዩም። ዛሬ ማታ ሞክረው። ደብዘዝ ያለች ኮከብ ፈልግና ቀጥ ብለህ እያት፤ ትጠፋብሃለች። ዓይንህን ትንሽ ወደ ጎን ስታደርግ ትመለሳለች፤ ምክንያቱም በሬቲና መሃል ባለችው ጎድጓዳ ስፍራ ዘንጎቹ የሉም፣ ከዳር ግን ሞልተዋል።

«ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ ይምታታበታል። ኮን የለውም ማለት ነው?»

አለው እንጂ! አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ዓይነት ይጎድላል ወይም ከሌላው ጋር በጣም የተቀራረበ ሞገድ ይቀበላል። «የቀለም ዕውር» የሚለውን ስም አልወደውም፤ ሰውዬው ብዙ ቀለም ያያል፣ የሚምታቱበት የተወሰኑት ናቸው። ዘረመሉ ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ዘረመሎችን በሚሸከም ክር) ላይ ስለሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፣ ወንድ ግን ያለው አንድ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሆነ አትጨነቂ። በቅርብ የጀመረው ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ዓይን ሐኪም ይየው።