መልስ፦ ሣር ስታጭድ ለምትሞቀው ትራክተር

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ላይ ትንሿ ትራክተርህ ሣር ስታጭድ ቶሎ እየሞቀች አስቸገረችኝ ብለሃል። ሞተር ከማስፈታትህ በፊት ራዲያተሩን (የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ክፍል) እይ። የደረቀ ሣር ብናኝ ክንፎቹ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ከፊት ስታየው ግን ንጹሕ ይመስላል። ሞተሩ ሲበርድ ከማራገቢያው በኩል ወደ ውጭ በኮምፕሬሰር ንፋው። ከፊት ከነፋኸው ቆሻሻውን ይብሱን ትወትፈዋለህ። ደግሞ ቀስ በል፣ ኃይለኛ አየር ክንፎቹን ያጣምማል።

የራዲያተሩን ክዳንም አትርሳ። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ካረጀ ግፊት አይይዝም። እናንተ ጋ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ያለ ግፊት ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ትኩስ እያለ ግን እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ነው የሚልጠው! ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያም እንዳልላላ በጣትህ ጫን ብለህ እይ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ከሞቀች ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን መክፈቻ) አስፈትሽ።