የካናዳ ጭስ ሜሪላንድ ድረስ እንዴት ይመጣል?

እህቴ፣ «እሳቱ ካናዳ ነው፣ እኛ ሜሪላንድ ነን። ጭሱ እንዴት እዚህ ይደርሳል? ቤቱ ሲታፈን መስኮት ልክፈት? እናቴ አስም አለባት» ብለሽ ጠይቀሻል።

ጭሱን የሚያመጣው ንፋሱ ነው። የጁን 2023ን አስታውሺ። ኩቤክ በምትባለው የካናዳ ግዛት ውስጥ ደን እየነደደ ነበር። በዚያው ሳምንት ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው ሜይን በምትባለው ግዛት አካባቢ ዝቅተኛ የአየር ግፊት መጣና ለቀናት አልነቃነቅ አለ። በዚህኛው የምድር ክፍል ደግሞ ንፋስ እንዲህ ያለውን ቦታ የሚዞረው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ያለው ንፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ጭሱን ጠራርጎ ኒው ዮርክ አደረሰው፤ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነ። በማግስቱ ጁን 8 ዋሽንግተን ዲሲም ሐምራዊው፣ ማለትም ለጤና በጣም ጎጂ የሚባለው የአየር ጥራት ደረጃ ውስጥ ገባች። ንፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ነው የቀለለልን።

መስኮቱን አትክፈቺ። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሰው ብናኝ ነው፤ በዓይን አይታይም። ኤሲው የውጭ አየር እንዳይስብ አድርጊ። ኤርናው (AirNow) በሚባለው የመንግሥት የአየር ጥራት ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድሽን አስገብተሽ የአየር ጥራቱን ቁጥር እዪ። ከ150 ካለፈ ልጆቹም ደጅ አይጫወቱ። የጨርቅ ማስክ ይህን ብናኝ አይዝም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራውን ኤን 95 (N95) ማስክ ግዢ።

አንድ ነገር ደግሞ እባክሽ። ጭስ ባለበት ቀን እጣን አታጭሺ፣ ቡናም ቤት ውስጥ አትቁዪ። የተቆላ ካለሽ እሱን አፍዪው። የእናትሽ ኢንሄለር ከአጠገባቸው አይራቅ። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ሳትጠብቂ 911 ደውዪ።