ጥያቄና መልስ፦ ሐሙርን ከዓለት ላይ ማጥመድ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የደሴና የኮምቦልቻ ዓሣ ወዳጆች። ዖማን፣ ሳላላ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ሙግሰይል ወይም ሚርባጥ ባሕር ዳር፣ ዓለት ላይ ሐሙር የሚባለውን ዓሣ ሳጠምድ ነበር። አሁን ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ከእናንተ ውስጥ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ አላችሁ፤ ጂቡቲ የምትመላለሱ ሾፌሮችም አላችሁ። ማወቁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ማዕበል የሚመታው ዓለት ላይ ስትቆሙ ጀርባችሁን ለባሕር አትስጡ። በሉ ጠይቁ።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሐሙር ከባድ ነው የሚባለው ትልቅ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ትልቅነቱ አይደለም። እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ከዳር ቆማችሁ የምትይዙት ግን አብዛኛው ከዚያ በጣም ያንሳል። የሚያስቸግረው ቤቱ ነው። ሐሙር አሳድዶ አይበላም፤ አድብቶ ነው። ዓለት ሥር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ገላው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ስላለው ከድንጋዩ መለየት ያስቸግራል። ትንሽ ዓሣ ወይም ሸርጣን ሲያልፍ ያንን ሰፊ አፉን ባንዴ ይከፍተዋል። ውሃው ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚበላውም አብሮ ይገባል። ከዚያ ወዲያው ዞሮ ወደ ጉድጓዱ።

ጅራቱን ብታዩት ክብ ነው። ለረጅም ሩጫ አልተፈጠረም፤ ለአንድ ኃይለኛ ግፊት ነው። ስለዚህ ትግሉ የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው። ያኔ ከጉድጓዱ ካራቃችሁት ያዛችሁት ማለት ነው። ከገባ ግን ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ነፍቶ፣ የጀርባውን እሾህ አቁሞ ዓለቱ ውስጥ ይወጠራል። በጉልበት አይወጣም።

ማዕበል የሚወደው ደግሞ በምክንያት ነው። ማዕበሉ ዓለቱን ሲመታ ሸርጣኑም ትንንሹ ዓሣም ይናወጣል። ነጩ አረፋ ሐሙሩን ይሸፍነዋል። ዓሣው ያለው ሰው ለመቆም በሚፈራበት ቦታ ነው ማለት ነው። ስለ ባሕሩ ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ መንጠቆው ላይ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ስኩዊድ፣ ሰርዲን ወይም ሸርጣን። ትኩስ ይሁን።

ሾፌሩ፦ እኔ ጂቡቲ ወረፋ ስጠብቅ በእጅ ክር እሞክራለሁ። እዚያ ሜሩ ይሉታል። ይይዝልኛል፣ ወዲያው ይበጥሰዋል። ጥርሱ ነው የሚቆርጠው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። ጥርሱ አይደለም። የሐሙር ጥርሶች ትንንሽ ናቸው፣ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ። ለመያዝ እንጂ ለመቁረጥ አይሆኑም። ክርህን የሚቆርጠው ዓለቱና ዓለቱ ላይ የተጣበቀው ቀንድ አውጣና ዛጎል ነው።

ስለዚህ የጫፉ ክር ወፍራም ናይለን ይሁን፣ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር። አንድ ዓሣ በያዝክ ቁጥር፣ ወይም መንጠቆህ ድንጋይ በያዘው ቁጥር፣ ያንን ክር በሁለት ጣትህ መሀል ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፈው። ጥፍርህ ላይ ሻከር ያለ ቦታ ከተሰማህ ከዚያ በላይ ቆርጠህ እንደገና እሰር። ብዙ ሰው ይሄን ይሰንፋል። ከዚያ ትልቁ የሚበጠሰው እዚያችው ቦታ ላይ ነው።

ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ ደግሞ ለብቻው በቀጭን ክር እሰረው። ድንጋይ ውስጥ የሚሰነቀረው ብዙ ጊዜ እርሳሱ ነው። ቀጭኑ ሲበጠስ እርሳሱ ይቀራል፣ ዓሣው ይመጣል። ሪል (የክር መጠቅለያ) ካለህ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገው። እንደ ነካው ሳትጠብቅ ሳብ፤ ለሐሙር ክር አይለቀቅም።

ጉድጓድ ከገባብህ ግን ተቃራኒውን አድርግ። ክሩን ሙሉ በሙሉ አላላውና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። የሚስበው ነገር ሲጠፋ አንዳንዴ ራሱ ይወጣል። ክሩ ሲንቀሳቀስ ካየህ ያኔ ባለ በሌለ ኃይልህ ሳብ።

በእጅ ክር ስለምታጠምድ ደግሞ ስማኝ፦ ጓንት አድርግ፤ ክሩን እጅህ ላይ በፍጹም አትጠምጥም። ጣት ይቆርጣል፤ ሰውንም ጎትቶ ውሃ ውስጥ ይከታል።

የሐይቅ ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ለአንድ ዓሣ? የኛን አምባዛ የሞከረ ሰው እንዲህ አይልም። ጉልበቱን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሾፌሩ፦ አምባዛ ጉልበት አለው፣ አልካድኩም። ግን የሚገባበት ጉድጓድ የለውም። ጭቃ ላይ ነው የሚተኛው።

የሐይቅ ልጅ፦ ቄጠማው ውስጥ ሲገባብህ ታየዋለህ! ደሞ ጣዕሙስ? የባሕር ዓሣ ጨው ጨው ነው የሚለው።

ከሰኞ ገበያ፦ ለመሆኑ በጾም ጊዜ ዓሣ ይበላል?

የሐይቅ ልጅ፦ አይበላም።

ከአራዳ፦ የሚበሉ አሉ፣ እኔ ቤት ይበላል።

ከሰኞ ገበያ፦ በሁዳዴ?

መልስ፦ የጾሙን ነገር ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። አምባዛም ጎበዝ ነው፤ ግን ሐይቅ ዳር ማዕበል ሰው ጠርጎ አይወስድም። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ሐሙር ሐይቅ ላይ ወይም አርዲቦ ላይ አይገኝም?

መልስ፦ አይገኝም። የባሕር ዓሣ ነው።

ከሸሻበር፦ የትኛው ቦታ ነው ብዙ ያለው?

መልስ፦ የት አገር? በየትኛው ወር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። አገሩን ንገረኝ፣ ከዚያ እናወራለን።

አንዲት እህት፦ ባለቤቴ ሳላላ ነው ያለው። ዓርብ ዓርብ ዓለት ላይ ያጠምዳል። እኔ እዚህ ሆኜ ልቤ ይሰጋል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ላንቺ ጥያቄ ነው ማለት እችላለሁ። አንብቢለት።

እንደ ደረሰ ዘንጉን አያውጣ። ከሩቅ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ባሕሩን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይመልከት። ማዕበል ሁሉ እኩል አይደለም። ለብዙ ደቂቃ ትንንሹ ይመላለስና ሰው ይዘናጋል፤ ከዚያ ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጣሉ። ሰው የሚወሰደው ያኔ ነው።

ሊቆምበት ያሰበውን ድንጋይ ይየው። እርጥብ ከሆነ ማዕበል ደርሶበታል ማለት ነው፤ ተመልሶም ይመጣል። ከእርጥቡ በላይ ይቁም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር የሚያንጸባርቅ ነገር ካለበት አይርገጠው፤ ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማ በፍጹም። ሰው የሚያንሳፍፈውን የዋና ጃኬት ይልበስ። ብቻውን አይሂድ። ምግቡን መንጠቆው ላይ ሲያደርግም፣ ዓሣ ሲያነሳም ፊቱ ወደ ባሕር ይሁን።

ከወደቀ ደግሞ ወደ ዓለቱ ተመልሶ ለመውጣት አይታገል። ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ነው የሚያላትመው። ወደ ጥልቁ ዋኝቶ ከአረፋው ይራቅ፣ ተንሳፎ እርዳታ ይጠብቅ። ጓደኛው ተከትሎት እንዳይዘል፤ ገመድ ይወርውርለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ገመድ ታስሮበት አጠገባቸው ይቀመጥ። ርካሽ ነው፣ ሰው ያተርፋል።

ከሐረጎ፦ ጋሼ ምን ዓይነት ምግብ ነው የሚወደው?

መልስ፦ ተመልሷል። ከላይ አንብብ።

ከሮቢት፦ ኪሎው ስንት ይሸጣል? ቪዛስ እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ የቪዛ ነገር እኔን አይመለከተኝም። ዋጋውንም ገበያ ጠይቁ። ማጥመጃ ፈቃድ ግን ሊጠየቅ ይችላል፤ ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ።

የሆጤ ልጅ፦ ትልቅ ከያዝኩ ይዤው ልሂድ ወይስ ልልቀቀው?

መልስ፦ ልቀቀው። ሐሙር ሲወለድ ሴት ነው። ዕድሜው ሲገፋና ሲተልቅ ወደ ወንድነት ይለወጣል። ስለዚህ ከአንድ ዓለት ትልልቆቹን ለቅመህ ከወሰድክ የወሰድከው ወንዶቹን ነው። ሴቶቹ ወንድ ያጥራቸዋል። ደግሞ ከአንድ ቦታ ብዙም አይርቅም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። አንድ ጎበዝ አጥማጅ ብቻውን አንድ ዳርቻ ባዶ ሊያደርግ ይችላል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ለቤት የሚበቃችሁን መካከለኛ ያዙ፣ በጣም ትንሹንና በጣም ትልቁን መልሱ። ስትለቁት በሁለት እጅ ከሆዱ ሥር ደግፉት። የስንጥቡ ክዳን ላይ ስለታም እሾህ አለ፤ ጣታችሁን አታስገቡ።

ከአራዳ፦ እዚህ ሆኖ መለማመድ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቋጠሮውን ቤትህ ውስጥ፣ መብራት አጥፍተህ እሰር። ውርወራውን ሜዳ ላይ መንጠቆ የሌለው እርሳስ አስረህ ተለማመድ።

ከሸሻበር፦ እሺ ጋሼ፣ አገሩን ልናገር። ሳላላ ነው፣ የምሄደው ሐምሌ ላይ። ሙግሰይል ዓለት ላይ የት ጋ ልቁም?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። የትም አትቁም። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያም ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ነው፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ሙግሰይል ላይ ውሃው በዓለቱ ቀዳዳ ወደ ሰማይ ሲፈነዳ ታያለህ። እሱን ከአጥሩ ወዲህ ሆነህ ተመልከት። ባሕሩ ጋብ የሚለው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ጥቅምት ላይ ጻፍልኝ፣ የት እንደምትቆም ያኔ እነግርሃለሁ።